የሰፈር መንገድ መብራት ሂሳብ የማን ነው?

በምኖርባት አነስተኛ ከተማ፣ የሰፈራችን ነዋሪዎች ገንዘብ አዋጥተን የመንገድ መብራት ብናስተክልም፣ ወርኃዊ ሂሳቡን ማን ይክፈል በሚለው ጉዳይ ተቸግረናል። ማዘጋጃ ቤቱ በጀት እንዳልተያዘለት ሲገልጽ፣ የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ደግሞ ከፋይ ደንበኛ ካልተመዘገበ ቆጣሪ እንደማይሰጥ አሳውቆናል። ለጊዜው መስመሩ ከአንድ አዛውንት ጎረቤታችን ቆጣሪ ተቀጥሏል፤ ይሁን እንጂ በመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታ ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ስለሚጨምር፣ እኒህ ሰው የመንገዱን ብቻ ሳይሆን የገዛ ቤታቸውንም መብራት በውድ ዋጋ እየከፈሉ ነው፤ ይህ በእኔ እምነት ፍትሐዊ አይደለም። የመንገድ መብራት የራሱ የታሪፍ ምድብ አለው። በዚሁ ምድብ ቆጣሪ በማዘጋጃ ቤት ስም ያስወጣችሁ ካላችሁ፣ ማመልከቻው በመጀመሪያ ለማን እንደሚቀርብና የተቃጠለ አምፖል የመቀየሩን ኃላፊነት ለማን እንደሰጣችሁ ብትገልጹልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።