ቲቢን «የዘር በሽታ» ማለት ይቁም

ነርሷ፦ ዛሬ ጠዋት አንድ የሬዲዮ እንግዳ «ቲቢ የዘር በሽታ መሆኑን ሳይንስ አረጋግጧል» ሲሉ ሰማሁና ቁርሴ አልወርድልኝ አለ። ስድስት ወር መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ወስዶ የዳነ ልጅ «ቤታቸው የሳምባ በሽታ አለበት» ተብሎ እጮኛውን ሲነፈግ በዓይኔ አይቻለሁ።

የባዮሎጂ መምህር፦ ቁጣሽ ይገባኛል፤ እንግዳው ግን ከሜዳ ተነሥተው አልተናገሩም። ከዓለም ሕዝብ ሩብ ያህሉ ባክቴሪያው ገብቶበታል ተብሎ ይገመታል፤ በዕድሜው የሚታመመው ግን ከ5 እስከ 10 በመቶው ነው። በ1930 እ.ኤ.አ. በጀርመን ሉቤክ ከተማ በአደገኛ የቲቢ ባክቴሪያ የተበከለ ክትባት 250 ለሚሆኑ ሕፃናት ተሰጠ። ከ70 በላይ ሞቱ፤ አብዛኞቹ ተረፉ። ለምን?

ደሴ፦ መጠኑ ስለተለያየ ነዋ! የብክለቱ ልክ በሁሉም ክትባት አንድ አልነበረም። ብዙ የደረሰው ሞተ።

የባዮሎጂ መምህር፦ እሺ፣ መጠኑም ድርሻ ነበረው። ቲዋይኬ2 የተባለውን ዘረመልስ ምን ትለዋለህ? አንድን የተለወጠ ቅጂ ከአባቱም ከእናቱም የወረሰ ሰው ሕዋሶችን ለውጊያ የሚያነቃውን ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለ ንጥረ ነገር በበቂ አያመነጭም፤ ባክቴሪያውን የዋጡት ሕዋሶቹም መግደል ያቅታቸዋል። በአውሮፓውያን ዘንድ ከ600 ሰው አንዱ ገደማ እንዲህ ነው።

ነርሷ፦ «በአውሮፓውያን ዘንድ» አልክ። ያ ለውጥ አፍሪካ ውስጥ እጅግ ጥቂት ነው። ቲቢ የሚበዛው ግን የት ነው? ለእኛ በሽተኞች የተጣበበ ቤት፣ ረሃብና ኤችአይቪ ይበቃሉ።

የባዮሎጂ መምህር፦ «ይበቃሉ» ማለት አይቻልም። በአንድ ክፍል ከሚያድሩ አምስት ወንድማማቾች አንዱ ብቻ ሲታመምስ?

ደሴ፦ ባክቴሪያውም እኮ አንድ አይደለም። በእኛው ወሎ የተገኘው የባክቴሪያው ሰባተኛ የዘር ሐረግ ከአካባቢያችን ውጭ እምብዛም አይታይም። ደግሞም በአገራችን «ዘር» ሲባል ሰው የሚሰማው አጥንትና ጎሣ ነው፤ ዘረመል አይደለም። ሬዲዮ ላይ የሚቀርብ ሰው ይህን ማወቅ አለበት።

ጡረተኛው፦ ለቃል ከተጨነቃችሁ መጀመሪያ «የሳምባ ነቀርሳ» የሚለውን አስተካክሉ። ግማሹ ሰው ካንሰር ይመስለዋል።

ደሴ፦ ጋሼ፣ እሱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ነቀርሳ ተብሎ ሚስት የተከለከለ ሰው አላውቅም።

ጡረተኛው፦ እኔ አውቃለሁ።

የሁለት ልጆች እናት፦ የምጽፈው ከስቶክሆልም ነው። ለልጄ በተሰጠው ቢሲጂ በተባለው የቲቢ ክትባት ውስጥ ያለው የተዳከመ ሕያው ባክቴሪያ ራሱ በንፍፊቶቹና በአጥንቱ ተሰራጨበት። ኢንተርፌሮን ጋማ እንዲመነጭ የሚያዘውን ኢንተርሊውኪን 12 የተባለ የሰውነት መልእክት የሚይዘው ተቀባይ ሲወለድ ጀምሮ የለውም፤ እኔም አባቱም ሳናውቅ ነው ያወረስነው። ምርመራው እስኪደረግ አንድ ዓመት ተንከራተትን፤ «በቤተሰብ የሚወረስ ነገር ይኖር ይሆን?» ብሎ የጠየቀ ሐኪም አልነበረም። አሁን ኢንተርፌሮን ጋማ በመርፌ እየወሰደ ነው። ታናሹን ሳይከተብ አስመረመርነው። ቃሉ ይቁም ስትሉ እኛን አትርሱ።

ነርሷ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ። የአንቺ ልጅ ሕመም በእርግጥ የተወረሰ ነው፤ ብርቅም ነው። እኔ የምቃወመው በየወሩ መድኃኒት የምሰጣቸውን ሁሉ በዚያ ስም መጥራትን ነው።

የባዮሎጂ መምህር፦ ብርቅ መሆኑን በምን አወቅሽ? አገራችን ውስጥ ማን መረመረ?

ደሴ፦ ካልተመረመረ እንግዳው «ተረጋግጧል» ያሉት ከየት አምጥተው ነው?

የባዮሎጂ መምህር፦ ሌላ አገር ተረጋግጧል ነው ያልኩህ።

ደሴ፦ እሳቸው «ሌላ አገር» አላሉም።