ባሌ ወርቅ የሚወጣበት ቦታ ሐኪም ነው፣ ልጄን ይዤ ልሂድ?

የሚጡ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ አራት ኪሎ ነው የምንኖረው፣ ባሌ ጂፒ (ጠቅላላ ሐኪም) ነው እና ምደባ ሲወጣ ከአሶሳ ወጣ ብሎ ወርቅ የሚቆፈርበት ወረዳ ደረሰው። አሁን ቤት ተከራይቻለሁ ሚጡን ይዘሽ ነይ እያለኝ ነው። ሚጡ ገና 3 ዓመቷ ነው፣ እኔ ደግሞ ሁለተኛ አርግዣለሁ። ለብቻው መተዉን ሆዴ አልቻለም፣ አማቴ ግን ልጄን ሸኘሁ የልጅ ልጄን ለወባ አልሰጥም ብለው እያለቀሱ ለመኑኝ። ስልክ ላይ ድምፁ ራሱ ተቀይሯል፣ ሌሊት ሌሊት ጉድጓድ የተደረመሰባቸውን ልጆች ያመጡልኛል ይልና ዝም ይላል። የምታውቁ ካላችሁ እውነቱን ንገሩኝ፣ ቤተሰብ ይዞ ይኖራል?

የቀድሞ ጂፒ፦
እህቴ፣ እኔም ቤኒሻንጉል ሰርቻለሁ፣ አሁን ለስፔሻሊቲ አዲስ አበባ ተመልሻለሁ። እርጉዝ ሆነሽ ባትሄጂ ነው የምመክርሽ። ክረምቱ ሲወጣ ከመስከረም ጀምሮ ወባው ይነሳል፣ እኛ አዲስ አበባ ያደግነው ደግሞ ከተማው ከፍታ ላይ ስለሆነ ወባ ሳናውቅ ነው ያደግነው፣ ሰውነታችን አልለመደውም። ከደጋ ለወርቅ የሚመጡት ልጆች ራሳቸውን ስተው ነው የሚደርሱልን፣ ምክንያቱም ሥራ ላለማጣት ትኩሳቱን ይዘው ጉድጓድ ውስጥ ይቆያሉ፣ ከዛ አርቴሱኔት የሚባለውን የወባ መርፌ ብንሰጥም ሁሉም አይተርፍም። እርጉዝ ላይ ደግሞ ደም ማነስ ያመጣል፣ ያስወርዳል፣ ህፃኑም ክብደቱ አንሶ ይወለዳል።

ሌላው ሜርኩሪ የሚባለው ፈሳሽ ብረት ነው። ወርቁን በውሃ አጥበው ብቻ የሚለዩ አሉ፣ ሜርኩሪ የሚጠቀሙት ግን ከወርቁ ጋር ያጣብቁትና እሳት ላይ ያተኑታል፣ የሚተነው አይታይም አይሸትም፣ የልጅና የፅንስ አእምሮ ነው የሚጎዳው። የተከራየው ቤት ወርቅ ገዢ ሱቅ አጠገብ ከሆነ ወይ ግቢው ውስጥ የሚያቃጥል ሰው ካለ ሚጡን ለአንድ ሌሊትም አታሳድሪያት። ሐኪም ቢሆንም ቤት ሲፈልግ ኪራይና ውሃውን እንጂ ይሄን ላያስብ ይችላል፣ ስለዚህ በግልፅ ጠይቂው።

የአዶላ ልጅ፦
ልጄ፣ አባቴ በጃንሆይ ጊዜ አዶላ ወርቅ ማውጫ ድሬሰር (የጤና ረዳት) ነበር፣ እኛ ከናታችን ጋር ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ አደግን። የአዶላዋን ከተማ ክብረ መንግስትን በስም ነው የምናውቃት። አባታችን ሲመጣ ማርና ቅቤ ይዞ ይመጣል፣ ግን ስለሥራው አንድም ቀን ትንፍሽ አይልም፣ እናቴም አትጠይቀውም፣ ክፉ ነገር እንዳያስታውስ ብላ ነው። እንግዳ ሆኖብን ቀረ። ጡረታ ወጥቶ ሲገባ እኔ ጎረምሳ ነበርኩ፣ ምን እንደማወራው እንኳን አላውቅም ነበር፣ ይሄ እስከዛሬ ይቆጨኛል። ስለዚህ ባልሽ ስለተደረመሰባቸው ልጆች ሲጀምር ወሬ አትቀይሪ፣ ዝም ሲልም ስልኩን ሳትዘጊ ቆዪለት። ለሚጡም አባትሽ ዛሬ ሰው ሲያክም አደረ በያት፣ ትንሽ ናት ግን ይገባታል። አማትሽንም አታስቀይሚያቸው፣ ስትወልጂ የሚያርሱሽ እሳቸው ናቸው።

የሚጡ እናት፦
ዶክተር፣ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማታ ጠየቅኩት፣ ቤቱ ከወርቅ ገዢ ጀርባ ነው፣ ራሱም ደነገጠ፣ ይለቃል። እስክወልድ እዚሁ እቆያለሁ፣ እሱ ፈቃድ ሲያገኝ ይመጣል። ጋሼ ያሉኝን ደሞ አደረግኩት፣ በጣም ረጅም አወራን፣ ስሙን እንኳን ስለማያውቀው አንድ ልጅ እያወራኝ አለቀሰ።

የቀድሞ ጂፒ፦
ደግ አድርገሻል። ፈቃድ መጥቶ ካተኮሰው ግን ጉንፋን ነው እያላችሁ እቤት እንዳትቀመጡ፣ በዛው ቀን ደሙን ይመርመር፣ ሐኪሙም ሳይጠይቃችሁ ከየት እንደመጣ ንገሩት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ወባ ቶሎ አይጠረጠርም። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ይነሳል፣ እሱ ከተገኘበት ፕሪማኪን የሚባለውን የ14 ቀን መድሃኒት ይጨርስ። እኛ ሐኪሞች ለሰው አዘን የራሳችንን መድሃኒት እናቋርጣለን፣ አንቺ ተቆጣጠሪው።