የፊልም ምሽቱ ዕቅድ፦ «ሼርሎክ ጁኒየር» ይሁን?

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አያትም የልጅ ልጅም የሚያየው ፊልም ፈልጊ ብላችሁኝ ነበር። ባስተር ኪተን ያዘጋጀውና ራሱ የተወነበት «ሼርሎክ ጁኒየር» ቢሆንስ? እ.ኤ.አ. በ1924 የወጣ ድምፅ አልባ ኮሜዲ ነው፤ 45 ደቂቃ ገደማ። ሲኒማ ቤት ፊልም የሚያሳይ፣ ወለሉንም የሚጠርግ ልጅ መርማሪ መሆን ያምረዋል። የሚወዳት ልጅ አባት የኪስ ሰዓት ይሰረቃል። እሱም የመርማሪነት መማሪያ መጽሐፉን ገልጦ «ሁሉም ይፈተሽ!» ይላል። ሰዓቱ በመያዣነት የተሰጠበት ደረሰኝ የተገኘው ግን ከራሱ ኪስ ነው። ተቀናቃኙ ከቶበት!

ገንዘብ ያዥ፦ ልጄ፣ ቀለም የለው፣ ድምፅ የለው። ልጆቹን ልታስተኚያቸው ነው?

አንዲት አባል፦ እኔ የወደድኩት ድምፅ ስለሌለው ነው። እናቴ እንግሊዝኛ አትሰማም፣ ልጄ አማርኛ ማንበብ አይችልም። እዚህ አሜሪካ ስንት ፊልም አየን፤ አንዱ ለሌላው ሲያስተረጉም ያልቃል። በመሃል የሚመጡትን ጽሑፎች አንድ ሰው በአማርኛ ጮክ ብሎ ያንብብልን እንጂ ሌላው በዓይን የሚገባ ነው።

ጸሐፊ፦ ጋሼ፣ አይተኙም! ልጁ የጠረጠረውን ሰውዬ ኮቴ በኮቴ ሲከተለው ማየት ነው። ሰውየው ሲደናቀፍ እሱም ይደናቀፋል። በኋላ ሥራ ላይ እንቅልፍ ይጥለውና በሕልሙ ስክሪኑ ውስጥ ይገባል። ከባሕር መሃል ድንጋይ ላይ ሆኖ ወደ ውሃው ሲወረወር፣ ቦታው ተቀይሮ በረዶ ውስጥ ይሰካል። ያኔ ኮምፒውተር የለም እኮ። ከባቡር ጣሪያ ወደ ውሃ ማማው ቱቦ የተንጠለጠለው ራሱ ኪተን ነው። ውሃው ሐዲዱ ላይ ጣለው፣ አንገቱ ተሰበረ፤ እሱ ግን ያወቀው ከዓመታት በኋላ በራጅ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ወይ ጉድ! እሺ፣ የባለቤትነቱ ነገርስ? ክፈሉ እንዳንባል።

ጸሐፊ፦ ፊልሙ አሜሪካ ውስጥ ከ2020 ጀምሮ ነፃ ነው። በኋላ የተጨመረበት ሙዚቃ ግን ባለቤት ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ድምፁን አጥፍተን ራሳችን እንጫወት። ድሮም እኮ አዳራሹ ውስጥ ፒያኖ እየተመታ ነበር የሚታየው።

ሌላ አባል፦ ኪቦርድ በቃን! ማሲንቆ ይሁን። ሞተር ብስክሌቱ ያለ ነጂ ሲከንፍ ደግሞ ከበሮ።

አንዲት አባል፦ ማሲንቆው ለፍቅሩ ይሻላል። ለሩጫው ከበሮ ብቻውን ይበቃል።

ሰብሳቢ፦ ተስማማን። አደራ፣ ምሥጢሩን ማን እንደፈታው ማስታወቂያው ላይ እንዳይጻፍ።

ሌላ አባል፦ ልጅቷ ናት አይደል? መርማሪያችን ተኝቶ ሲያልም እሷ ሰዓቱ የተያዘበት ሱቅ ሄዳ «ማን አመጣው?» አለች። አለቀ!

ሰብሳቢ፦ ይኸው ዘረገፍከው! በሉ ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበው ይህ ነው፦ ቅዳሜ ማታ፣ «ሼርሎክ ጁኒየር»፣ በአማርኛ አንባቢ፣ በማሲንቆና በከበሮ፣ መግቢያው በነፃ።

ገንዘብ ያዥ፦ ፈንዲሻውን እኔ እችላለሁ። ከተኙ ግን ጸሐፊዋን ነው የምጠይቀው።