ዳሽቦርድ ሳይወርድ የማሞቂያ ራዲያተር ይወጣል?

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች፣ ከጅማ ነኝ። አሮጌው ላንድክሩዘሬ ውስጡ ረጠበብኝ። መጀመሪያ ዝናብ መስሎኝ ነበር፤ የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ። ምንጣፉን ገልጬ ስነካው ግን ያሙለጨልጫል፣ አረንጓዴ ነው፣ ጣፋጭ ጣፋጭ ይሸታል። ኩላንት፣ የሞተር ማቀዝቀዣው ፈሳሽ! ማሞቂያውን ስከፍት ደግሞ የፊት መስታወቱ ቅባት ያለው ጉም ይለብሳል።

ለጊዜው ሞተሩን ከማሞቂያው ራዲያተር የሚያገናኙትን ሁለቱን ቱቦዎች ነቅዬ እርስ በርስ አገናኘኋቸው። ውሃ መጉደሉ ቆመ። ግን ማሞቂያው ስለማይሠራ ጠዋት በጉም ወደ አጋሮ መንዳት ጭንቅ ነው፤ በአንድ እጅ መሪ፣ በሌላው ጨርቅ።

አንድ መካኒክ "ዳሽቦርዱ በሙሉ ካልወረደ አይሆንም" አለኝ። የ30 ዓመት ፕላስቲክ እኮ ነው፤ ከተነካካ እንደ ቆሎ ነው የሚረግፈው። የሠራችሁት ካላችሁ፣ በተሳፋሪው በኩል መሳቢያውን ብቻ ፈትቶ ራዲያተሯን ማውጣት ይቻላል? በስታኞ ባስደፍናትስ ታዛልቀኛለች ወይስ አዲስ ልፈልግ?