የሴዛን ጠረጴዛ ሲጣመም ያምራል፣ የኔ ለምን አስጠላ?

ጦሳ ሥር፦
ሰላም ጀመዓ። ደሴ ነኝ፣ ሥዕል በራሴ ነው የምማረው። ሰሞኑን የፈረንሳዩን ሰዓሊ የፖል ሴዛንን «የፖም ቅርጫት» ከስልክ እያየሁ በአክሪሊክ ስቀዳ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ግን ግራ ገባኝ። የጠረጴዛው የፊት ጠርዝ በግራ በኩል መጥቶ ነጩ ጨርቅ ሥር ይገባና በቀኝ ሲወጣ አይገጥምም። ጠርሙሱ ዘሟል። ሳህኑ ላይ ከተደረደሩት ብስኩቶች የታችኞቹ ከጎን፣ የላይኞቹ ደግሞ ከላይ የታዩ ይመስላሉ። የኔን እናቴ አይታ «ጠረጴዛው እግሩ ተሰብሯል እንዴ?» አለችኝ። ሰውዬው መሳል አይችልም ነበር ወይስ አውቆ ነው?

ሸዋበር፦
አውቆ ነው እህቴ። ዕቃ ስናይ እኮ እንደ ካሜራ አንድ ቦታ ተቸክለን አይደለም፣ ጎንበስ እንላለን፣ ቀና እንላለን። እሱ ሁሉንም አንድ ሸራ ላይ አስቀመጠው። የጠረጴዛውን አለመግጠም ደግሞ ጨርቁ ሸፍኖለታል፣ ተንኮሉ እዚያ ላይ ነው። ሥዕሉ እ.ኤ.አ. በ1893 ገደማ የተሠራ ነው፣ አሁን ቺካጎ ነው ያለው። ቮላር የሚባል የሥዕል ነጋዴ ፓሪስ ላይ የመጀመሪያውን የብቻ ኤግዚቢሽን ያዘጋጀለት በ1895 ነው፣ በ56 ዓመቱ። ኋላ ሰዓሊዎቹ ፒካሶና ብራክ ኩቢዝምን (አንድን ዕቃ ከብዙ አቅጣጫ በአንዴ የሚያሳየውን የአሳሳል ስልት) ሲጀምሩ ከዚህ ብዙ ወስደዋል።

አራዳ፦
እኔ እንጃ፣ አልዋጥልኝ ያለ ነገር ነው። እኛ ብንሠራው ስህተት፣ እሱ ሲሠራው ጥበብ 😂

ቦርከና ማዶ፦
አብሽሪ። ጥፋትሽ ከስልክ መቅዳትሽ ነው። እሱ ያየውን ጠማማ ነው የቀዳሽው፣ አንቺ ራስሽ ያየሽው የለም። ገበያ ውጪና ብርቱካን ወይም ሎሚ ግዢ (ፖም በዚህ ዋጋ የገዛ ሰው ይበላዋል እንጂ አይስለውም)። ሴዛን በጣም ቀርፋፋ ነበር፣ ፍሬው እስኪበሰብስበት ይሠራል። አበባ እየጠወለገ ሲያስቸግረው የወረቀት አበባ ይጠቀም ነበር። ቮላርን ሲስለው 115 ጊዜ አስቀምጦት ሥዕሉን ሳይጨርሰው ተወው! ፍሬዎቹን ሲደረድር ደግሞ ከሥራቸው ሳንቲም እየከተተ ያዘነብላቸው እንደነበር አጠገቡ ሆኖ ያየ ወጣት ሰዓሊ ተናግሯል። እናንተ ደሴዎች ብርዱ ጠቅሟችኋል፣ እኛ ኮምቦልቻ ብርቱካን ሳምንትም አይቆይልን። ሌላው፣ ጥላውን በጥቁር አትድፈኚው። የለጠፍሽው ፎቶ ላይ ፖሞቹ ጥላሸት የነካቸው ይመስላሉ። ከቀይ ወደ ብርቱካናማ፣ ከዚያ ወደ አረንጓዴና ሰማያዊ እያልሽ አዙሪው። እሱ ክብነቱን ያመጣው በቀለም ነው።

ጦሳ ሥር፦
ተመለስኩ። አራት ሎሚ፣ የእናቴን ጀበናና አንድ ነጠላ መስኮት ሥር አስቀመጥኩ። ሳንቲሙም ሠርቷል፣ አንዷ ሎሚ ወደኔ ዞር አለች። ከሰዓት ግን እናቴ ጀበናውን ለቡና ወሰደችብኝ። ስትመልሰው ጆሮው ወደ ግድግዳ ዞሯል፣ እኔም ቆሜ ስሠራ ደክሞኝ በርጩማ ላይ ተቀምጫለሁ። ሆዱን ቆሜ ጨርሼው ነበር፣ አፉን ተቀምጬ ሠራሁት። እና ተጣመመ! ግን ይኼኛው አላስጠላኝም። እናቴ ትንሽ ዝም ብላ አየችውና «የኔ ጀበና ነው አይደል?» አለች።

አራዳ፦
ፎቶውን ለጥፊዋ!