ጣውንት ያላቸው የዩታ ሴቶችና የመምረጥ መብት፦ ፌሚኒስት ልንላቸው እንችላለን?

ጥያቄ፣ ከቦሌ አራብሳ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በምኖርበት ኮንዶሚኒየም ውስጥ በየወሩ ቡና አፍልተን ስለ ሴቶች ታሪክ የምንወያይ ጥቂት ጎረቤታሞች አለን፤ የፊታችን ቅዳሜ ተራው የእኔ ስለሆነ ስለ ሞርሞን ሴቶች ለመናገር እየተዘጋጀሁ ነው። ሞርሞኖች አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተች ቤተ ክርስቲያን አባላት ናቸው፤ በዚያ ዘመን ብዙዎቹ የሚኖሩት በምዕራብ አሜሪካ በምትገኘው ዩታ ሲሆን፣ አንዳንድ ወንዶቻቸው ከአንድ በላይ ሚስት ያገቡ ነበር። ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የዩታ ሴቶች ድምፅ መስጠት የጀመሩት በ1870 ሲሆን፣ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የሴቶችን የመምረጥ መብት ያወቀው ግን ከ50 ዓመት በኋላ፣ በ1920 ነው። ይሁን እንጂ በዚያው በ1870 በጥር ወር በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች ሶልት ሌክ ሲቲ ውስጥ ተሰብስበው፣ አንድ ወንድ ብዙ ሚስት ማግባቱን የሚያስቀጣውን ረቂቅ ሕግ ተቃውመዋል። ጣውንቷን ተቀብላ የምትኖር፣ ኧረ እንዲያውም ለጣውንትነት የምትሟገት ሴት ስለ ሴቶች መብት ስትናገር እንዴት እንመናት? ጎረቤቶቼ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ይህንን እንደሚሆን አውቃለሁ።

መልስ 1፣ ከቡራዩ

እህቴ፣ በመጀመሪያ ድምፁን ማን፣ ምን አስቦ እንደሰጣቸው ቢያስረዱ መልካም ነው። ከዩታ ውጭ የነበሩ አንዳንድ ፖለቲከኞች፣ ሴቶቹ የምርጫ ካርድ ቢያገኙ ከአንድ በላይ ማግባትን ራሳቸው ያስወግዱታል ብለው ተስፋ ያደርጉ ነበር። የቤተ ክርስቲያኒቱ መሪዎች በበኩላቸው ሴቶቻቸው በግዞት የተያዙ አለመሆናቸውን ለዓለም ማሳየት ይፈልጉ ነበር። የግዛቲቱ ምክር ቤት ሕጉን በየካቲት 1870 አጸደቀ፤ ሴቶቹም በሁለተኛው ቀን በከተማ ምርጫ ድምፃቸውን ሰጡ። ነገር ግን የተጠበቀውን አላደረጉምና ኮንግረሱ በ1887 መብቱን ሞርሞን ካልሆኑት የዩታ ሴቶች ጭምር ነጠቃቸው፤ የተመለሰላቸውም በ1896 ዩታ ክፍለ ግዛት ስትሆን ነው። ሲሰጣቸውም ሲነጠቁም የሰዎቹ ዐይን በትዳራቸው ላይ ነበር ማለት ነው።

ሴቶቹ ግን በእጃቸው የገባውን መሣሪያ ለራሳቸው ጉዳይ አዋሉት። ከ1872 ጀምሮ የራሳቸውን ጋዜጣ ያሳትሙ ነበር። ለረጅም ዘመን አዘጋጁ የነበረችው ኤመሊን ዌልስ ከአንድ ሰው ብዙ ሚስቶች አንዷ ስትሆን፣ በ1879 ዋሽንግተን ድረስ ሄዳ በመላው አሜሪካ የመብት ታጋዮች ጉባኤ ላይ ተገኝታለች። ሐኪሟ ማርታ ሂዩዝ ካነን ደግሞ የባሏ አራተኛ ሚስት ነበረች፤ በ1896 ለክፍለ ግዛቱ ሴኔት ስትወዳደር ከተፎካካሪዎቿ አንዱ ይኸው ባሏ ነበር፤ እሷ ተመረጠች፤ እሱ ወደቀ። በአሜሪካ የመጀመሪያዋ የክፍለ ግዛት ሴት ሴናተርም ሆነች። (የዚያን ዕለት ማታ በዚያ ቤት ስለ ምን እንደተወራ ባውቅ ደስ ባለኝ ነበር።)

ለጎረቤቶችዎ የእኛዋን ወለተ ጴጥሮስን ያስታውሷቸው። ባሏ የሱስንዮስ ሹም ሆኖ ሳለ ጥላው መንና፣ የንጉሡን የሃይማኖት ለውጥ ተቃውማ በጣና ዙሪያ ማኅበር መሠረተች። እሷንም ቢሆን ፌሚኒስት የሚላት የለም፤ ሴት ሆና በራሷ መንፈሳዊ ሥልጣን መቆሟን ግን ማንም አይክድም።

መልስ 2፣ ከለገጣፎ

የቡራዩ ወንድማችን የጻፉትን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ስሙን ትተን የገንዘብና የጎተራ ቁልፉ በማን እጅ እንደነበረ እንጠይቅ እላለሁ።

የሞርሞን ሴቶች መረዳጃ ማኅበር የተመሠረተው በ1842 ሲሆን የመጀመሪያዋ ሰብሳቢ ኤማ ስሚዝ ነበረች። ማኅበሩ ከ1876 ጀምሮ ለክፉ ቀን የሚሆን ስንዴ እንዲያከማች አደራ ተሰጠው፤ ሴቶቹም ለዐሥርተ ዓመታት ቃርሚያ እየለቀሙና ገንዘብ እያዋጡ ጎተራ ሞሉ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1918፣ የቤተ ክርስቲያኒቱ ወንዶች ኃላፊዎች ሰብሳቢዋን ሳያማክሩ ስንዴውን ለአሜሪካ መንግሥት ሸጡት፤ በእኛ ልኬት ከ50 ሺህ ኩንታል በላይ ይሆናል። በዚያን ጊዜ ሰብሳቢዋ ወንድማችን የጠቀሷት ኤመሊን ዌልስ ናት፤ ዕድሜዋ 90 ደርሶ ነበር። በ1970 ደግሞ ማኅበሩ የራሱን ገንዘብ ማስተዳደሩ ቀረ፤ መጽሔቱም በዚያው ዓመት ተዘጋ።

ይህንን ሳነብ የእኛው ሰፈር ነው የታወሰኝ። የሴቶች እድራችን ለዓመታት ያጠራቀመውን ገንዘብ የወንዶቹ ኮሚቴ ሳይጠይቀን ለድንኳን አውጥቶታል፤ የተነገረንም ድንኳኑ ከተተከለ በኋላ ነው። እንግዲህ የኤመሊን ዌልስን ጣውንቶች ቁጠሩ ብትሉኝ አልቆጥርም፤ ስንዴዋን ግን እቆጥራለሁ።

መልስ 3፣ ከሰበታ

የቅርቡን ዘመን እንዳይዘነጉት አደራ። የሞርሞን አባል የነበረችው ሶንያ ጆንሰን፣ ሴትና ወንድ በሕግ እኩል እንዲሆኑ በአሜሪካ የቀረበውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ደግፋ መሪዎቿን በአደባባይ በመተቸቷ በ1979 ከቤተ ክርስቲያኗ ተወግዛለች፤ ለሴቶች ክህነት ይሰጥ ያለችው ኬት ኬሊም በ2014 ተመሳሳይ ዕጣ ደርሷታል።

የክህነቱን ጥያቄ በእኛ ዐይን ብቻ ካየነው ይምታታብናል። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ካህናት ከምእመናን ተለይተው የተሾሙ ጥቂቶች ስለሆኑ፣ ካህን ያልሆነ ወንድም እንደ ሴቷ ከመቅደስ ውጭ ነው የሚቆመው። በሞርሞኖች ዘንድ ግን ብቁ ነው የተባለ ወንድ ልጅ ሁሉ 12 ዓመት ገደማ ሲሆነው ዲያቆን ይባላል፤ የልጅ ልጇ ቅዱስ ቁርባኑን ሲያድል አያቱ ተቀምጣ ትቀበላለች። በመሆኑም እዚያ የሚያስቀራት ሴትነቷ ብቻ ነው። በጠቅላላ ጉባኤያቸው ላይ ሴት ጸሎት ያደረሰችው ለመጀመሪያ ጊዜ በ2013 ነው፤ ሴቶች ለጥምቀት ምስክር ሆነው እንዲቆሙ የተፈቀደውም በ2019 ነው። ከኬት ኬሊ ጋር የማይስማሙ፣ ክህነቱን ሳይሆን ስለ ሰማያዊት እናት (ከሰማያዊው አባት ጋር አለች ብለው ስለሚያምኑባት) በግልጽ መናገርን የሚሹ የሞርሞን ሴቶችም ብዙ ናቸው፤ እባክዎ ሁሉንም በአንድ ድምፅ አያናግሯቸው።

ጠያቂዋ፣ ከቦሌ አራብሳ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ንግግሬን ከምርጫው ልጀምር አስቤ ነበር፤ አሁን ከስንዴው እጀምራለሁ። የለገጣፎዋ እህቴ፣ የእድራችሁ ገንዘብ ተመለሰ?

ከለገጣፎ

ግማሹ ተመልሷል። ለቀሪው ደብዳቤ ጽፈናል፤ ከእንግዲህም ያለ ሦስት ሴቶች ፊርማ ከባንክ እንዳይወጣ አድርገናል።