የአንታርክቲካ በረዶ ስለ ሰሜን ተራሮች ግጦሽ ምን ያውቃል?

አወያይ፦ ባለፈው ሳምንት ከቡድናችን አባላት አንዱ ለሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሊቀርብ የታሰበ የአስተያየት ረቂቅ አካፍለውናል። ረቂቁ ከደቡብ ዋልታ በረዶ ይነሣና በፓርኩ ከፍተኛ ቦታዎች ግጦሽ ሙሉ በሙሉ ይዘጋ በሚል ሐሳብ ያበቃል። የዛሬው የክርክር ጥያቄ የዋልታ ሳይንስ ለእንዲህ ያለ የአካባቢ ውሳኔ በቂ ምክንያት ይሆናል ወይስ አይሆንም የሚል ነው። ለመግባባት እንዲያመች ዓመተ ምሕረት ስትጠቅሱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይሁን።

ከማራኪ፦ ረቂቁን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እኛ ጎንደሮች በረዶ ሲባል የሚታወሰን በክረምት ቆርቆሮ የሚደበድበው ስለሆነ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። በአንታርክቲካ የሚወርደው ብናኝ በረዶ ሳይቀልጥ ዓመት በዓመት ላይ ይደራረባል፤ የላይኛው ሲጫነው የታችኛው እየጠጠረ ይሄዳል፤ በመካከሉ የነበረው አየርም በጥቃቅን አረፋዎች ውስጥ እንደታሰረ ይቀራል። የአውሮፓ ተመራማሪዎች ዶም ሲ በተባለ ስፍራ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ሰርስረው ያወጡት በረዶ የ800,000 ዓመታት አየር ይዞ ተገኝቷል። በዚያ ሁሉ ዘመን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል ውስጥ ከ170 ገደማ እስከ 300 ባለው መጠን መካከል ሲወጣና ሲወርድ ኖሮ ዛሬ ከ420 አልፏል። ይህ ጋዝ ሙቀት አምቆ ይይዛልና፣ ሙቀቱ እየጨመረ ሲሄድ ዋልያና ቀይ ቀበሮ ወደ ላይ ቢሸሹ፣ ከራስ ዳሸን ጫፍ በኋላ የሚሄዱበት የላቸውም። በ2016 በአንታርክቲካ ዙሪያ የሮስ ባሕር 1.55 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር የተከለለው ሳይንቲስቶች ለዓመታት ያሰባሰቡት ማስረጃ ቀርቦ ነው። እኛስ የቀረችንን ውርጭ ምድር ለመከለል ምን እንጠብቃለን?

ከደባርቅ፦ መምህር፣ ቁጥሩን አልክድም። ነገር ግን በሮስ ባሕር ፔንግዊን እንጂ አራሽ የለም፤ ያም ሆኖ በባሕሩ ላይ የሚወስኑት አገሮች ለመስማማት ዓመታት ፈጅቶባቸዋል። አረፋው ዓለም ምን ያህል ካርቦን እንደተሸከመች ይነግረናል፤ የአጎቴ በጎች የትኛውን ገደል አፋፍ እንደጋጡ ግን ሊነግረን አይችልም። ፓርኩ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ሲገባም ሆነ በ2017 ከዚያ ሲወጣ የተመዘነው የመንገዱ፣ የግጦሹና የዱር እንስሳቱ ሁኔታ ነበር። በፓርኩ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከቀያቸው ሲነሡ ዘመዶቼ ከመካከላቸው ነበሩ። ሰው ከዐውድማው ሲነሣ የሚቀርብለት ምክንያት በዚያው በዐውድማው አጠገብ የተለካ መሆን አለበት እላለሁ።

ከፒያሳ፦ እኔ የማቀዝቀዣ ጥገና ባለሙያ ስለሆንኩ ከዋልታ የመጣ ውሳኔ በየቀኑ በእጄ ያልፋል። የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በአንታርክቲካ ሃሌይ በተባለ ጣቢያ ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚጋርደንን የኦዞን ጋዝ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሲለኩ ቆይተው በ1985 ክፉኛ መሳሳቱን ይፋ አደረጉ፤ በ1987 ደግሞ ኦዞንን የሚያሳሱ ጋዞች እንዲቀሩ የሚያዝዘው የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ። በአሮጌ ማቀዝቀዣዎች ውስጥ የነበረው አር 12 ጋዝ ከገበያ የወጣው በዚያ ምክንያት ነው። በ2016 በኪጋሊ የጸደቀው የዚሁ ስምምነት ማሻሻያ ደግሞ አር 12ን የተካውን አር 134 ኤን ጭምር ቀስ በቀስ እንድንቀንስ ያዝዛል። ስለዚህ ማስረጃው ከሩቅ ስለመጣ ብቻ አይጣልም።

ከደባርቅ፦ በጋዙ ጉዳይ ጥፋቱና መፍትሔው አንድ ነበሩ፤ ኦዞኑን ያሳሳው ጋዙ ነው፣ የተከለከለውም ጋዙ ነው። የሰሜን በግ ግን የአንታርክቲካን በረዶ አላቀለጠችም።

ከአዘዞ፦ ልጆቼ፣ በዋልታ ምድርም ሰው እንደሚኖር ሁለታችሁም አላነሣችሁም። በአላስካ ጠረፍ የሚኖሩ የኢኑፒያት ሰዎች ቦውሄድ የተባለውን ዓሣ ነባሪ ለምግባቸው ያድናሉ። በ1977 ዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን፣ የቀሩት ጥቂት ናቸውና አደኑ ይቁም ብሎ ወሰነ። ቆጣሪዎቹ በበረዶው ጠርዝ ላይ ቆመው በክፍቱ ውሃ ሲያልፍ በዓይናቸው ያዩትን ይመዘግቡ ነበር። አዳኞቹ ግን ዓሣ ነባሪው ከበረዶው ሥርም እንደሚጓዝ፣ ስስ በረዶ ሲያገኝ በጭንቅላቱ ሰብሮ እንደሚተነፍስ፣ ከጠርዙ እጅግ ርቆም እንደሚያልፍ ተናገሩ። እገዳው ብዙም ሳይቆይ በኮታ ተተካ፤ በኋላም ድምፅ መቅጃ ወደ ውሃው ሲወርድ ከዓይን የተሰወሩት ሲያልፉ ተሰሙ፣ ቆጠራውም ከመጀመሪያው ግምት ብዙ እጥፍ ሆኖ ተገኘ። እኔ ይህን የማነሣው ሳይንሱን ለማጣጣል አይደለም፤ ስሕተቱን ያረመው ራሱ ሳይንስ ነው፣ ግን የት ማዳመጥ እንዳለበት ያመለከቱት አዳኞቹ ናቸው። በረቂቁ ውስጥ እረኛ የሚለውን ቃል ፈልጌ አንድ ቦታ ብቻ አገኘሁት፤ እሱም «ጫና» ከሚለው ቃል አጠገብ ነበር።

ከማራኪ፦ ጋሼ፣ ወቀሳዎን ተቀብያለሁ፤ ያንን አንቀጽ እንደገና እጽፈዋለሁ። አንድ ነገር ግን አልለቅም። በ1783 በአይስላንድ ላኪ የተባለ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ስምንት ወር ያህል ሲተፋ ቆየ፤ የድኙ አሻራ እስከ ዛሬ በግሪንላንድ በረዶ ውስጥ ይገኛል። በዚያው ዓመትና በተከታዩ የዓባይ ሙላት በግብፅ ዝቅ ብሎ ረኃብ ሆነ። ተመራማሪዎች በኮምፒውተር ሞዴል ሲፈትሹት፣ የድኙ ጉም የሰሜኑን ንፍቀ ክበብ ስላቀዘቀዘው ወደ አፍሪካ የሚገባው የክረምት ዝናብ እንደተዳከመ አሳይተዋል። ያ ዝናብ የእኛው ነው። በፋሲል ግቢ ነገሥታት በመሳፍንቱ እጅ ሲሾሙና ሲሻሩ በነበረበት ዘመን፣ ሰማዩ ለምን እንደነጠፈ ከዚህ ሆኖ ማወቅ የሚችል ሰው አልነበረም። የሠላሳና የአርባ ዓመት የዝናብ መዝገብ ብቻ ይዘን እንዲህ ያለውን ነገር ልናየው አንችልም።

ከደባርቅ፦ እንግዲህ አሁን መነጋገር ጀመርን። ዝናብ ሲጠፋ በደጋው ያለው ሣር ቀድሞ ያልቃል፤ ሣሩ ሲያልቅ እረኛው ከብቱን እየነዳ ወደ ዋልያው መሰማሪያ ይወጣል፤ በዚያን ጊዜ ጠባቂ ቢቆምም አያቆመውም። በረዶው ክፉ ዓመት ሊመጣ እንደሚችል ካስረዳን፣ ከእሱ የሚከተለው ሐሳብ በደህናው ዓመት ድርቆሽ የሚከማችበት መጋዘን ከፓርኩ ወሰን ውጭ ይሠራ የሚለው ነው። መዝጋቱ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ከማራኪ፦ መጋዘኑን እጨምራለሁ። ነገር ግን ዋልያ የሚወልድባቸው ገደላማ ቦታዎች መጋዘን እስኪሠራ መጠበቅ የለባቸውም፤ እነሱ አሁኑኑ ይዘጉ በሚለው እጸናለሁ። ማንም በግ ሊደርስባቸው የማይገባ ጠባብ ቦታዎች ናቸው።

ከፒያሳ፦ ጠባብ መሆናቸውን ማን ለካው?

አወያይ፦ ጥያቄው ተገቢ ነው። የበረዶው ማስረጃ በረቂቁ መግቢያ ይቆይ፤ ከእሱ ቀጥሎ የድርቆሹ መጋዘን ይግባ፤ የሚዘጉት ቦታዎች ወሰን ግን የዋልያ ቆጠራ እስኪካሄድ ባዶ ይተው የሚል ማሻሻያ ቀርቧል። የምትቃወሙ እስከ ቅዳሜ ጻፉ።

ከደባርቅ፦ ቆጠራው ላይ በአፋፉ የሚውሉ እረኞች አብረው ይቆጥራሉ የሚል ቃል ካልገባበት እኔ አልፈርምም።